መስመሩ በላያችን ያልፋል፤ መብራቱ ግን አልደረሰንም

ጥያቄ፦ «የምኖረው ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ፣ ከአይከል ወጣ ባለች የገጠር ቀበሌ ነው። ትልልቆቹ የብረት ምሰሶዎች በማሳችን መካከል ተተክለው ኃይል ወደ ሱዳን ያሻግራሉ፤ እኛ ግን ዛሬም በኩራዝና በእጅ ባትሪ ነን። ሽማግሌዎቻችን ‹የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው› እያሉ ይተክዛሉ። ለምን ከዚያው መስመር አይቀጠልልንም? በሌላ በኩል የፀሐይ ኃይል ሊሰጣችሁ ነው የሚል ወሬ አለ። ብንቀበል ‹መብራት አላቸው› ተብለን ከመስመሩ ተራ እንሰረዝ ይሆን? ሦስተኛ፣ ከየቤቱ አዋጥተን ምሰሶና ትራንስፎርመር እንግዛ የሚሉ ተነሥተዋል። ምን ይመክሩናል?»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ ሦስቱም ጥያቄዎችዎ የሚገናኙበት አንድ ቦታ አለ፤ እሱም ቀበሌያችሁ በታወቀ ዕቅድ ውስጥ በስም ሰፍራለች ወይስ አልሰፈረችም የሚለው ነው። በጎንደር ዙሪያ ባሉ ወረዳዎች በስርጭት መስመር ጥናት ላይ የሠራሁ መሐንዲስ ነኝ። መብራት ዘግይቶባቸው ካየኋቸው ቀበሌዎች አብዛኞቹን ያዘገያቸው የኃይል እጥረት አይደለም። ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚሠራለት፣ በምን ዓይነት ቴክኖሎጂና በማን ገንዘብ እንደሚሠራለት የሚወስን፣ ሁሉም መሥሪያ ቤት የሚገዛበት አንድ ሰነድ ስላልነበረ ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምር። በማሳችሁ ላይ የሚያልፈው መስመር 230 ሺህ ቮልት የተሸከመ ነው። ከባሕር ዳር ጎንደር፣ ከጎንደር ሸኸዲ፣ ከዚያም ድንበር ተሻግሮ ገዳሪፍ ይገባል። ቤት ውስጥ አምፖል የሚያበራው ግን 220 ቮልት ነው። በሁለቱ መካከል ኃይሉ ሁለት ጊዜ ዝቅ ማለት አለበት፤ መጀመሪያ በማከፋፈያ ጣቢያ ወደ 33 ሺህ ወይም ወደ 15 ሺህ ቮልት፣ ቀጥሎ በመንደሩ ትራንስፎርመር ወደ 380 እና 220 ቮልት። ስለዚህ «ከዚያው ይቀጠልልን» ማለት በተግባር እዚያው ማሳ ላይ ሙሉ ማከፋፈያ ጣቢያ ይሠራልን ማለት ነው። ይህ ደግሞ ግዙፍ ትራንስፎርመር፣ የ230 ሺህ ቮልት ማቋረጫዎች፣ መስመሩን ከአደጋ የሚጠብቁ መሣሪያዎችና ቀን ከሌሊት የሚቆጣጠር ባለሙያ ይፈልጋል። ዋጋው በሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ነው። በዚህ ላይ እያንዳንዱ ቅጥያ ለመስመሩ አንድ ተጨማሪ የብልሽት በር ይከፍታል፤ በእናንተ ቀበሌ ያጋጠመ ችግር ሸኸዲንና መተማን አብሮ ሊያጨልም ይችላል። ለጥቂት መቶ ቤቶች ተብሎ እንዲህ ያለ ጣቢያ የትም አገር አይሠራም።

የእናንተ መብራት የሚመጣው ከሌላ መስመር ነው። ከከተማ ወደ ከተማ በእንጨት ወይም በኮንክሪት ምሰሶ ላይ፣ በሦስት ገመድ፣ በሲኒ ላይ ተቀምጦ የሚሄደውን መካከለኛ መስመር ያውቁታል። ቀበሌያችሁ ከሱ ስንት ኪሎ ሜትር ትርቃለች? ዕቅድ የሚያወጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው። የብረቱን ምሰሶ እያዩ ከመተከዝ ይህንን ርቀት ለክቶ መያዝ ይጠቅማችኋል።

ሽማግሌዎቹ የጠቀሱት ተረት ግን ከባድ እውነት አለው፤ ችላ ብዬ አላልፈውም። ከጎንደር ብዙም ሳይርቅ ጣና በለስ ከ2002 ዓ.ም ጀምሮ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ቆሟል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ሲመረቅ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ነው። ይህ ሁሉ ኃይል እያለ ግማሽ ያህሉ የአገሪቱ ሕዝብ ከመስመር ውጪ የሚኖረው፣ ማመንጨትና ማድረስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ስለሆኑ ነው። ቀድሞ «መብራት ኃይል» ስንለው የኖርነው ኮርፖሬሽን በ2006 ዓ.ም ለሁለት ተከፍሏል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ያመነጫል፣ በከፍተኛ መስመር ያስተላልፋል፣ ማከፋፈያ ጣቢያዎችንም ይሠራል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ደግሞ ከማከፋፈያ ጣቢያው ተነሥቶ እስከ ቆጣሪዎ ያደርሳል። አንዱ ጣቢያውን ሳያስፋፋ ሌላው መስመር ቢዘረጋ መንደሩ ደካማ መብራት ያገኛል፤ ጣቢያው ተስፋፍቶ መስመሩ ካልተዘረጋ ደግሞ አቅሙ ያለ ሥራ ይቀመጣል። ሁለቱን በአንድ የጊዜ ሰሌዳ ማስኬድ ከሁሉ ቀላሉ ቅንጅት ነው፤ እሱም ቢሆን ሁልጊዜ አልተሳካም።

ሌላው ትልቅ እንቅፋት አቆጣጠራችን ነበር። በ1998 ዓ.ም ገደማ የተጀመረው ሁሉን አቀፍ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም ብዙ የገጠር ከተሞችን ከመስመር አገናኝቷል፤ ውለታው መረሳት የለበትም። ነገር ግን ሽፋኑ ሲሰላ መስመር በደረሰበት ከተማና በዙሪያው የሚኖረው ሰው ሁሉ «ተደራሽ» ተብሎ ተቆጠረ። በዚህ አቆጣጠር አገሪቱ ከግማሽ በላይ ተሸፍናለች ሲባል፣ በቤቱ ቆጣሪ ያለው ቤተሰብ ግን ከሦስቱ አንዱ ያህል ብቻ ነበር። ልዩነቱ ወረቀት ላይ ተደብቆ ቀረ። ዓይኑ ስር ምሰሶ ቆሞ የጎረቤቱን ቆጣሪ የሚለምነው ሰው በሪፖርቱ መብራት ያለው ሰው ነበር።

ይህ የጎረቤት ቆጣሪ ጉዳይ ራሱን የቻለ በደል ስላለው ትንሽ ልቆይበት። የአገራችን ታሪፍ በእርከን የተሠራ ነው፤ በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ የሚጠቀም ዝቅተኛውን ዋጋ ይከፍላል። ይህ የታሰበው ለድሃው ነው። አሁን አራት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ይታይዎት። እያንዳንዱ በወር 40 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢጠቀም ብቻውን ሲሆን ከዝቅተኛው እርከን አይወጣም። በአንድ ቆጣሪ ግን 160 ሆኖ ይመዘገባልና ወደ ውዱ እርከን ይገባል። ከዚያም ባለ ቆጣሪው የራሱን ጨምሮበት ያከፋፍላቸዋል። ለድሃ ተብሎ የተሠራው ድጎማ ከድሃው እጅ የሚወጣው ቆጣሪ ባለመድረሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ዕቅድ ማለት ኪሎ ሜትር መቁጠር ብቻ እንዳይመስልዎት። ምሰሶው፣ ትራንስፎርመሩ፣ ቆጣሪውና የቤት ውስጥ ዝርጋታው አብረው ካልታቀዱ ሥራው ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል።

በኅዳር 2010 ዓ.ም ይፋ የሆነው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራምና በመጋቢት 2011 ዓ.ም የወጣው ሁለተኛው እትሙ ይህንን ለማረም የተነሡ ናቸው። ከከተማ ቆጠራ ወደ ቤተሰብ ቆጠራ ተሻገሩ፤ መስመርንና የፀሐይ ኃይልንም በአንድ ሰነድ ውስጥ አስቀመጡ። ግቡ በ2017 ዓ.ም ሁሉንም ማዳረስ ነበር፤ ከመቶ 65ቱን በመስመር፣ 35ቱን ከመስመር ውጪ ባለ ኃይል። ግቡ በተባለው ጊዜ አልተሳካም። ጦርነትና የጸጥታ ችግር፣ የውጭ ምንዛሪ እጥረት፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም የምንዛሪ ለውጥ በኋላም የዕቃ ዋጋ መናር ሁሉም ድርሻ አላቸው፤ ትራንስፎርመሩም፣ ቆጣሪውም፣ የገመዱ ጥሬ ዕቃም በአብዛኛው በዶላር የሚመጣ ነው። የዕቅዱ አስተሳሰብ ግን ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ለሁለተኛው ጥያቄዎም መልሱ ያለው እዚያው ውስጥ ነው።

ሰነዱ ሰፈሮችን በርቀት ይመድባል። ከነባሩ መካከለኛ መስመር እስከ 2.5 ኪሎ ሜትር ያሉት በቀጥታ በመስመር ይገናኛሉ። ከ2.5 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ያሉት መስመሩ እስኪደርስ በፀሐይ ኃይል ይቆያሉ። ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ የራቁት ለረጅም ጊዜ ከመስመር ውጪ ባለ ኃይል፣ በተለይም ለአንድ መንደር ብቻ በሚያከፋፍል አነስተኛ የኃይል መረብ (ሚኒ ግሪድ)፣ ይገለገላሉ። ከመስመር ውጪ የሚሆነው 35 ከመቶ እ.ኤ.አ. በ2030 ወደ 4 ከመቶ እንዲወርድ ታቅዷል። ይህ ማለት ዕቅዱ ራሱ ዛሬ ፀሐይ ከሚሰጣቸው አብዛኞቹ ነገ መስመር እንደሚደርሳቸው ያሰበ ነው። ስለዚህ ፀሐዩን ተቀበሉ። ልጆች በኩራዝ ጭስ እያጠኑ ዓመታት የሚቆጠሩበት ምክንያት የለም። ነገር ግን ስትቀበሉ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አንድ ነገር ያዙ፤ ቀበሌያችሁ የተመዘገበችው በጊዜያዊ አገልግሎት መሆኑንና ከመስመር ዝርጋታው ተራ እንዳልወጣች። ሥጋትዎ መሠረተ ቢስ አይደለም። ሁለት መሥሪያ ቤት ሁለት ዝርዝር ሲይዝ፣ በአንዱ ዝርዝር «የተጠናቀቀ» የተባለ ቀበሌ ከሌላው ሳይታይ ይቀራል።

በፀሐይ ኃይል ስም ደግሞ ሁለት በጣም የተለያዩ ነገሮች ይመጣሉ። አንዱ ጣሪያ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ሰሌዳ ነው፤ ጥቂት አምፖል ያበራል፣ ስልክ ይሞላል፣ ሬዲዮ ያስከፍታል፤ ወፍጮ አያዞርም፣ እንጀራ አይጋግርም። ሁለተኛው ሚኒ ግሪድ ነው፤ በርካታ ሰሌዳዎችና ባትሪዎች በአንድ ቦታ ሆነው በምሰሶና በገመድ ለመንደሩ ያከፋፍላሉ። ሚኒ ግሪድ የሚመጣላችሁ ከሆነ የምትጠይቁት ዋና ጥያቄ ምሰሶው፣ ገመዱና ቆጣሪው የኤሌክትሪክ አገልግሎቱን መመዘኛ ያሟላል ወይ የሚል ይሁን። ካሟላ ዋናው መስመር ሲደርስ ሁሉም ሳይነቀል ይያያዛል። ካላሟላ ሁለት ጊዜ ወጪ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ «ትናንት ሠርተንላችሁ የለም ወይ» የሚል ክርክር ይነሣል።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው ወደማይገባበት ነገር ልግባ፤ ምጣዱ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይወስዳል። ለገጠር መንደር ብዙ ጊዜ የሚተከለው ትራንስፎርመር ባለ 25 ኪሎ ቮልት አምፔር ነው። ስድስት ወይም ሰባት ምጣድ አንድ ላይ ሲጋገርበት ሞላ ማለት ነው፤ አምፖል፣ ቴሌቪዥንና ወፍጮ ገና አልተቆጠሩም። በከተራ ዋዜማ ስንት ቤት አንድ ላይ እንደሚጋግር እርስዎ ያውቁታል። የርቀቱም ነገር አለ። ከትራንስፎርመሩ አንድ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ባለ 25 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የአሉሚኒየም ገመድ በአንድ ፌዝ ተስቦለት የሚኖር ቤት ምጣዱን ሲለኩስ 220 የነበረው ቮልቴጅ ወደ 188 ይወርዳል፤ የምጣዱ ሙቀት ከሩብ በላይ ይቀንሳል። እዚያው ጫፍ ላይ ጎረቤቱም ምጣድ ከለኮሰ ወደ 163 ቮልት ይወርድና ሙቀቱ ወደ ግማሽ ይጠጋል። እንጀራው ዓይን አያወጣም፤ እናት እንደገና ወደ ጭሱ ትመለሳለች። ይህች እናት በሪፖርት መብራት አላት። ለዚህ ነው ትራንስፎርመር በመንደሩ መካከል፣ ከአንድ ትልቅ ይልቅ ሁለትና ሦስት ትንንሽ ሆኖ መተከል አለበት እያልን የምንከራከረው። በጭልጋና በላይ አርማጭሆ ኮረብቶች ቤቶች ተራርቀው ስለሚሠሩ ነገሩ ከሜዳው ደምቢያ ይልቅ ይከፋል።

የመካከለኛው መስመር ምርጫም እንደዚሁ ነው። አንድ ዓይነት ኃይል በአንድ ዓይነት ገመድ ሲሄድ በ33 ሺህ ቮልት የሚባክነው በ15 ሺህ ከሚባክነው አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። ዛሬ የእናንተን ቀበሌ ብቻ አስቦ ቀጭን መስመር የሚዘረጋ ሰው ከእናንተ ቀጥሎ ያሉትን ቀበሌዎች በር ዘግቶባቸዋል። በአንድ ካርታ ላይ ሁሉንም ሰፈሮች አስቀምጦ የሚያቅድ ግን የእናንተን መስመር ለነገዎቹም እንዲበቃ አድርጎ ይዘረጋዋል። ተጨማሪው ወጪ ትንሽ ነው፤ በኋላ አፍርሶ መሥራት ግን እጅግ ውድ ነው።

ቅደም ተከተሉ እንዴት ይወጣል ቢሉ፣ ስሌቱ ሲጀመር ቀላል ነው። ስድስት ኪሎ ሜትር መስመር ለ60 ቤተሰብ ቢዘረጋ ለአንድ ቤት መቶ ሜትር ይደርሰዋል፤ ለ600 ቤተሰብ ሲሆን አሥር ሜትር። ከዚህ ቀጥሎ ግን ቀን ቀን ኃይል የሚገዛ አለ ወይ ይባላል፤ በናፍጣ የሚሠራ ወፍጮ ቤት፣ የመስኖ ፓምፕ፣ የጉድጓድ ውሃ፣ የሰሊጥ ማበጠሪያ። እነዚህ ካሉ ከመስመሩ የሚገኘው ገቢ ጥገናውን ይሸፍናል። ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት ደግሞ ከገቢ በላይ የሚታዩ ናቸው፤ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ካልተጠበቀ ይበላሻል፤ ይህ ኪሳራ በብር አይለካም።

ከሌሎች አገሮች ሁለቱን ልጥቀስ። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2009 መብራት የነበራት ከመቶ ስድስት ያህል ለሚሆነው ቤተሰብ ነበር። መንግሥት አንድ ካርታና አንድ የገንዘብ ዕቅድ አዘጋጅቶ ለጋሾችን በአንድ ጠረጴዛ አስቀመጠ፤ ሁሉም በዚያው ዕቅድ ውስጥ ገንዘብ አስገቡ። ዛሬ ከአራት ቤተሰብ ቢያንስ ሦስቱ በመስመር ወይም በፀሐይ መብራት አለው። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2015 ከትራንስፎርመር 600 ሜትር ክልል ውስጥ ያለውን ሁሉ በቅናሽ ማገናኘት ጀመረች። ቁጥሩ በፍጥነት ጨመረ፤ ነገር ግን ብዙዎቹ አዲስ ደንበኞች በጣም ጥቂት ኃይል ብቻ ስለሚጠቀሙ በአከፋፋዩ ድርጅት ላይ የወጪ ጫና ፈጠረ። ለእኛ የሚሻለው የሩዋንዳን አንድነት ይዞ፣ ከኬንያ ደግሞ ወፍጮውንና ፓምፑን ከመስመሩ ጋር አብሮ ማቀድ እንደሚያስፈልግ መማር ነው እላለሁ።

ከመሥሪያ ቤቶች ሁሉ በቅንጅት ጉድለት የሚያሳዝነኝ የመንገዱ ነው። ምሰሶ ተተክሎ ገና ሳይከርም መንገዱ ሊሰፋ ነው ይባላል፤ ምሰሶው ይነቀላል፣ የወሰን ማስከበር ክርክር ይነሣል፣ ለማሻገሪያው የወጣው ገንዘብ ሌላ ቀበሌን ያበራ ነበር። የውሃውም እንዲሁ ነው። ጉድጓድ ተቆፍሮ በናፍጣ ጄኔሬተር ይሠራል፤ መስመሩ ሲመጣ በሌላው ሸንተረር ያልፋል። የመንገድ፣ የውሃ፣ የጤናና የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች የአምስት ዓመት ዕቅዳቸውን በአንድ ካርታ ላይ ቢያስቀምጡ ያለ ተጨማሪ በጀት ብዙ ይድናል። ይህ ደግሞ አዲስ አበባን ሳይጠብቁ በወረዳና በዞን ደረጃ ሊጀመር የሚችል ሥራ ነው።

ወደ መዋጮው ልምጣ። ምሰሶና ትራንስፎርመር ገዝታችሁ አትጀምሩ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በራሱ መመዘኛ ያልተገዛ ትራንስፎርመርን ከመስመሩ ጋር አያያይዝም፤ ቢያያዝም ሲቃጠል ማን ይተካዋል የሚለው በእናንተ ላይ ይወድቃል። በኬሚካል ያልታከመ የባሕር ዛፍ ምሰሶ ደግሞ ምስጥ በጥቂት ዓመት ይጨርሰዋል፤ ገመድ ተሸክሞ የሚወድቅ ምሰሶ የሰው ሕይወት ያጠፋል። መዋጮውን «አስጨርሳለሁ» ለሚል ደላላ ከመስጠትማ ሕዝቡን አስጠንቅቁ።

ገንዘቡና ጉልበቱ የሚውልበት ሌላ ቦታ አለ። የሚያውቁ ወጣቶች በስልካቸው የየሰፈሩን መገኛ ነጥብ ይመዝግቡ፤ የቤቱን ብዛት፣ የወፍጮውን፣ የትምህርት ቤቱን፣ የጤና ኬላውን፣ የቤተ ክርስቲያኑንና የመስጊዱን ቦታ፣ ከቅርቡ መካከለኛ መስመር ያለውንም ርቀት። ባለ ወፍጮው ናፍጣውን ትቶ ወደ ኤሌክትሪክ እንደሚዞር በፊርማ ያረጋግጥ። መስመሩ በሚያልፍበት ማሳ ያሉ ገበሬዎች ለምሰሶ ቦታ መስማማታቸውን ቀድመው በቃለ ጉባኤ ያስፍሩ፤ ብዙ ሥራ የሚቆመው እዚህ ላይ ነውና። አጎራባች ቀበሌዎችን ጨምራችሁ በአንድ ማመልከቻ ብትቀርቡ ለአንድ ቤት የሚደርሰው የመስመር ርዝመት ያጥራል፤ ተራችሁም ወደ ፊት ይመጣል። ይህንን ለአገልግሎቱ ቅርንጫፍ፣ ለወረዳው የውሃና ኢነርጂ ጽሕፈት ቤትና ለዞኑ በአንድ ቀን፣ በሦስት ቅጂ አስገቡ፤ የገቢ ቁጥሩንም ያዙ። የተዋጣው ገንዘብ በቁጠባ ማኅበር ይቀመጥና መስመሩ ሲደርስ አቅም ለሌላቸው፣ በተለይ ብቻቸውን ቤት ለሚያስተዳድሩ እናቶች፣ ለቤት ውስጥ ዝርጋታና ለቆጣሪ ክፍያ ይሁን። እኔ እንዳየሁት መስመር በገባበት ቀበሌ ሳይገናኙ የሚቀሩት በአብዛኛው እነሱ ናቸው።